በአንድ ብቅል ውስጥ ሁለት ባዕዳን

(ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። እሱ ዕድሜውን በቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ያሳለፈ ጡረተኛ ጠማቂ ነው፤ እሷ የባዮኬሚስትሪ የዶክትሬት ተማሪ ናት። የሚጠሯቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠማቂው፦ የሰጠሽኝን ጽሑፍ ጨርሼዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። አልፋ አሚሌስና ቤታ አሚሌስ ዝምድና የላቸውም ይላል። ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ የገብስ ፍሬ ነው። ሁለቱም ስታርች ይቆርጣሉ፤ የሚቆርጡትም ግሉኮስን ከግሉኮስ ያያያዘውን ያንኑ ማያያዣ ነው። እነዚህ ዘመድ ካልሆኑ ማን ሊሆን ነው?

ተማሪዋ፦ ያመሳሰላቸው ሥራቸው ነው፣ ጋሼ። የቆየው አመዳደብም የሚያየው ሥራቸውን ብቻ ነው። የኢንዛይም ኮሚሽኑ በ1961 ባወጣው ሥርዓት እያንዳንዱ ኢንዛይም የሚያካሂደው ኬሚካዊ ለውጥ ታይቶ ቁጥር ይሰጠዋል። በስኳሮች መካከል ያለውን ማያያዣ በውሃ የሚሰብሩት በሙሉ 3.2.1 ሥር ይሰለፋሉ፤ የመጨረሻው ቁጥር ምን እንደሚቆርጡ ይናገራል። አልፋ አሚሌስ 3.2.1.1 ነው፤ ቤታ አሚሌስ ደግሞ 3.2.1.2።

ጠማቂው፦ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? እኔ ኢንዛይም የምፈልገው ለሥራው ነው።

ተማሪዋ፦ ኢንዛይም ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ጥፋት የለበትም። እንዴት እንደሚቆርጥ፣ ከምን እንደመጣ፣ ገና ያልተፈተነው ወንድሙ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለሚጠይቅ ግን መልስ የለውም። እርስዎ ባደጉበት አገር ልጅ ሲዳር ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቆጠራል። ሁለቱም መምህራን ናቸውና ዘመድ ናቸው ብሎ ጋብቻ የሚያስቀር ሽማግሌ የለም፤ አንዱ ገበሬ አንዷ ነጋዴ ናት ብሎ የአጎት ልጆችን የሚያጋባም የለም። የኢንዛይም ዘር የሚቆጠረው በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ነው። በዚያ ሲቆጠር አልፋ አሚሌስ ቤተሰብ 13 ውስጥ ይገባል፣ ቤታ አሚሌስ ቤተሰብ 14 ውስጥ። የቁጥሮቹ መቀራረብ ምንም አይናገርም። ቅደም ተከተላቸውን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጠው ቢያዩት አንድ ቤተሰብ የሚያሰኝ መመሳሰል አያገኙበትም።

ጠማቂው፦ ይህን የዘር ቆጠራ የጀመረው ማን ነው?

ተማሪዋ፦ በርናር አንሪሳ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ያኔ ግሬኖብል ከተማ ሴሉሎስን ያጠና ነበር። በ1980ዎቹ የሴሉሌስ ጂኖች አንድ በአንድ መነበብ ሲጀምሩ የሁሉም ሥራ ሴሉሎስ መቁረጥ ሆኖ ሳለ ቅደም ተከተላቸው አልመሳሰል አለ። በ1989 ከባልደረቦቹ ጋር 21 ሴሉሌሶችን በስድስት ቤተሰብ ከፈሏቸው። በ1991 ብቻውን በጻፈው ጽሑፍ ደግሞ ስኳር ቆራጮችን በሙሉ ሰበሰበ። 301 ቅደም ተከተሎች ነበሩት። 291ዱ በ35 ቤተሰቦች ገቡለት፤ ቤት ያጡት 10 ብቻ ነበሩ። ከ35ቱ መካከል በ17ቱ ቤተሰቦች ውስጥ ኮሚሽኑ የተለያየ ቁጥር የሰጣቸው ኢንዛይሞች አብረው ተገኙ። እኔ የዚህን ሰው ሥራ ሳነብ የሚገርመኝ ድፍረቱ ነው። በእጁ የነበሩት ጥቂት መቶ ፕሮቲኖች ናቸው፤ የብዙዎቹ ቅርጽ ገና አልታወቀም ነበር። ያም ሆኖ ያኔ ከሰጣቸው ቁጥሮች ብዙዎቹን ዛሬም እንጠቀምባቸዋለን።

ጠማቂው፦ ቅርጻቸው ካልታወቀ፣ የራቀ ዘመድን በምን ለየው? ሁለት ፕሮቲኖች በረጅም ዘመን አሚኖ አሲዶቻቸውን እየለወጡ ሲራራቁ የሚመሳሰል ፊደል እያነሰ ይሄዳል።

ተማሪዋ፦ ትክክል ነው፤ ፊደል ከፊደል ብቻ ብናስተያይ የራቀው ዘመድ ያመልጠናል። እነሱ የተጠቀሙት ዘዴ ውሃን የሚሸሹትን አሚኖ አሲዶች ይከተላል። እነዚያ ወደ ፕሮቲኑ ሆድ ይሰበሰባሉ፤ ፕሮቲኑ እንዴት እንደሚታጠፍ የሚወስኑትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው። አንዱ ውሃ ሸሺ በሌላ ውሃ ሸሺ ቢተካ ፊደሉ ይለወጣል፣ አተጣጠፉ ግን ይቆያል። ቅደም ተከተሉን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ እንደ ጥምዝምዝ ዘርግተው የእነዚያን አሚኖ አሲዶች ክምችት በዓይን ያስተያዩ ነበር። ክምችቱ በአንድ ዓይነት ቦታ በአንድ ዓይነት መልክ ከተደጋገመ፣ አተጣጠፋቸውም አንድ ነው ይላሉ።

ጠማቂው፦ ይሁን። አተጣጠፍ ማወቅ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። የተፈጨው ብቅል ከሙቅ ውሃ ጋር ሲደባለቅ፣ ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ካቆየሁት ቤታው በደንብ ይሠራል፤ ማልቶስ ይበዛል፣ እርሾው ይጠግባል፣ ቢራው ቀጭን ይሆናል። ወደ 70 ካወጣሁት ቤታው ይሞትና አልፋው ብቻ ይቀራል፤ እርሾ የማይበላው ረጅም ቁራጭ ይበዛል፣ ቢራው ይወፍራል። ይህን ጠማቂዎች ማንም ቤተሰብ ሳይቆጥርላቸው ደርሰውበታል።

ተማሪዋ፦ ደርሰውበታል፣ ያን ማንም አይነጥቃቸውም። ለምን እንደዚያ እንደሚሆኑ ግን ሥራቸውን የሚናገረው ቁጥር አይነግርዎትም። ግሉኮስ ቀለበት ነው። በአንደኛው ካርቦን ላይ ያለው ኦክስጅን ከቀለበቱ ወደ ታች ሲያመለክት አልፋ እንለዋለን፣ ወደ ላይ ሲያመለክት ቤታ። የስታርች ማያያዣ ሁሉ አልፋ ነው። ዳንኤል ኮሽላንድ በ1953 እንዳስረዳው፣ አንድ ኢንዛይም ይህን ማያያዣ ሲሰብር ከሁለት መንገዶች አንዱን ይከተላል። አንደኛው መንገድ አንድ ርምጃ ብቻ ነው፦ ከኢንዛይሙ ሁለት አሲዶች አንዱ ለማያያዣው ፕሮቶን ይሰጣል፣ ሌላው ውሃን ያነቃቃል፣ ውሃው ከጀርባ ይመጣና ስኳሩን ይገለብጠዋል። አልፋ የነበረው ቤታ ሆኖ ይወጣል። እነዚህን ገልባጭ እንበላቸው። ሁለተኛው መንገድ ሁለት ርምጃ አለው፦ አንዱ አሲድ ራሱ ስኳሩን ከጀርባ ይይዘዋል፣ ቀጥሎ ውሃ መጥቶ ያስለቅቀዋል። ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ስኳሩ እንደ ጥንቱ ይወጣል። እነዚህን ጠባቂ እንበላቸው። አልፋ አሚሌስ ጠባቂ ነው፣ ቤታ አሚሌስ ገልባጭ። አልፋና ቤታ የሚሉት ስሞችም በ1920ዎቹ ከሪቻርድ ኩን ሥራ የመጡ ናቸው፤ የሚያመለክቱትም ከመቁረጫው የወጣው ስኳር ወዴት እንደዞረ ነው።

ጠማቂው፦ እና ይህ ልዩነት ከቅርጻቸው ውስጥ ይታያል?

ተማሪዋ፦ ይለካል። ጠባቂ በሆነው ኢንዛይም ውስጥ ሁለቱ አሲዶች በግምት ግማሽ ናኖሜትር ይራራቃሉ። ገልባጭ በሆነው ውስጥ ወደ አንድ ናኖሜትር ይጠጋል፤ ምክንያቱም ስኳሩና ውሃው በአንድ ጊዜ በመካከላቸው መቀመጥ አለባቸው። የግማሽ ናኖሜትር ልዩነት አንዱን የኬሚስትሪ መንገድ ከሌላው ይለያል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፣ ጋሼ። ሪቻርድ ዎልፈንደንና ባልደረቦቹ በ1998 እንዳሰሉት፣ በሴሉሎስ ውስጥ ያለ አንድ ማያያዣ ያለ ኢንዛይም፣ በክፍል ሙቀት፣ በውሃ ብቻ ይሰበር ቢባል፣ ካሉት ግማሾቹ እስኪሰበሩ አምስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሁለት አሲዶች ትክክለኛ ቦታ ላይ ሲቀመጡ ያው ሥራ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይሠራል። አንድ ዘር በትውልድ ብዛት ሌላውን ሁሉ ቢለውጥ እነዚያን ሁለት አሲዶች ከቦታቸው የማያነቃንቀው ለዚህ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች በአብዛኛው ወይ ሁሉም ገልባጭ ወይ ሁሉም ጠባቂ የሚሆኑትም ለዚሁ ነው፤ በ1992 ስቲቨን ዊዘርስና ባልደረቦቹ በሴሉሌስ ቤተሰቦች ላይ በሙከራ አሳይተውታል። የጥቂቱን ከፈተኑ የቀሩትን መንገድ መናገር ይችላሉ። ለእኔ የዚህ አመዳደብ ትልቁ ስጦታ ይህ ነው።

ጠማቂው፦ አንዱ ካልተስማማስ? ሁልጊዜ የሚያፈነግጥ አይጠፋም።

ተማሪዋ፦ ለረጅም ጊዜ አንድ አፈንጋጭ ነበር፤ ያውም ከሁሉም ዝነኛው። የእንቁላል ነጭ ውስጥ ያለው ላይሶዛይም፣ ቅርጹ የታየለት የመጀመሪያው ኢንዛይም ነው፤ ዴቪድ ፊሊፕስ በ1965 ለንደን ላይ ነው ያሳየው። ጠባቂ ነው፤ ነገር ግን አሲዱ ስኳሩን በጠንካራ ማያያዣ አይዘውም፣ አጠገቡ ሆኖ በኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ይደግፈዋል ተባለ። መማሪያ መጻሕፍት ሁሉ እንደዚያ ጻፉ። በ2001 ዴቪድ ቮካድሎና ባልደረቦቹ ያንኑ ማያያዣ ያዙት፤ ላይሶዛይምም እንደ ሌሎቹ ጠባቂዎች ሆኖ ተገኘ። እውነተኛ አፈንጋጮችም አሉ። ቤተሰብ 4 ለምሳሌ ጨርሶ ሌላ ኬሚስትሪ ይከተላል። ግን እዚያም ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ነው ያፈነገጠው።

ጠማቂው፦ ወደ ብቅሌ ልመለስ። ቤታ አሚሌስ ባዕድ ከሆነ፣ አልፋው በፍሬው ውስጥ ዘመድ አለው?

ተማሪዋ፦ ሁለት አሉት፣ ሁለቱንም እርስዎ ያውቋቸዋል። ሊሚት ዴክስትሪኔስ የስታርቹን ቅርንጫፍ ይቆርጣል፤ ቤተሰብ 13 ነው። ገብሱ ማሳ ላይ ሲያፈራ ያንኑ ቅርንጫፍ የሠራው ኢንዛይምም ቤተሰብ 13 ነው። ቅርንጫፉን የሚሠራውና የሚያፈርሰው ዘመዳሞች ናቸው። ያው የስኳር ማያዣ ዘዴ ነው፦ መጀመሪያ ስኳሩን ይይዘዋል። ከዚያ ውሃ ከደረሰ ተቆርጦ ይቀራል፣ ውሃው ቦታ አጥቶ ሌላ ስኳር ከደረሰ ግን አዲስ ማያያዣ ይሆናል። ጠባቂነት ይህን በር ይከፍታል፤ ገልባጭነት በአንድ ርምጃ ስለሚጨርስ አይከፍተውም። የአልፋውና የቤታው ባዕድነት ደግሞ በአመጣጣቸውም ይታያል፦ እናቴ ለጠላ ገብስ ዘፍዝፋ በኮባ ቅጠል ስትሸፍነው ሁለቱ አሚሌሶች በአንድ ጊዜ አይመጡም። ቤታው ፍሬው ሲበስል ቀድሞ የተቀመጠ ነው፤ አልፋው ገብሱ ሲያቆጠቁጥ፣ ጂብሬሊን የሚባለው የጽንሱ ሆርሞን ሲያዘው፣ በስታርቹ ዙሪያ ባለው ሽፋን ውስጥ እንደ አዲስ ይሠራል። መቁረጫቸው ያለበት ስፍራም አይመሳሰልም። ቤታው ከጫፍ እየጀመረ ሁለት ሁለት ግሉኮስ የሚያነሳበት ጉድጓድ አለው፤ ቅርንጫፍ ሲያጋጥመው ይቆማል። አልፋው ሰንሰለቱ በመካከሉ የሚያልፍበት ሸለቆ አለው፣ ስለዚህ የትም ቦታ ይቆርጣል።

ጠማቂው፦ ካልሲየም ስንጨምርም አልፋው ነው የሚጠነክረው።

ተማሪዋ፦ ቅርጹን የሚያጸናለት ካልሲየም በውስጡ ስላለ ነው፤ ቤታው ካልሲየም አይዝም። አሁን እርስዎን በጣም ያስቸግር የነበረውን ልጥቀስ፦ የገብሱ ሴል ግድግዳ የተሠራበት ቤታ ግሉካን።

ጠማቂው፦ እሱን ተይው! ብቅሉ በደንብ ካልተሠራ ጭማቂው እንደ ሙጫ ይወፍራል፣ ማጥለያው ይደፈናል። የገብሱ የራሱ ቤታ ግሉካኔስ ሙቀት አይችልም፤ ገና ሲሞቅ ይሞታል። ስለዚህ ከባክቴሪያ የተሠራውን ገዝተን እንጨምር ነበር። ሥራው አንድ ነው።

ተማሪዋ፦ ሥራቸው እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ነው፤ ሁለቱም 3.2.1.73 ናቸው። የገብሱ ግን ቤተሰብ 17 ነው፤ ባሲለስ ከሚባለው ባክቴሪያ የመጣው ቤተሰብ 16። የገብሱ ፕሮቲን እንደ በርሜል ነው የተጠቀለለው፤ የባሲለሱ ሁለት አንሶላዎች ተደራርበው የተጣጠፉ ነው። አንዱ ሌላውን አይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ሁለቱ ዘሮች ያንኑ ማያያዣ ለመቁረጥ በየራሳቸው መንገድ ደርሰዋል። ሥራን ብቻ የሚያይ አመዳደብ ይህን ታሪክ በሙሉ በአንድ ቁጥር ሥር ይቀብረዋል። በ1994 ደግሞ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የገብሱን ኢንዛይም ቅርጽ ከሌላ የገብስ ኢንዛይም ጋር አስተያዩት። ያኛው የሚቆርጠው በፈንገስ ግድግዳ ውስጥ የሚገኘውን ግሉካን ነው፤ ተክሉ ራሱን የሚከላከልበት መሣሪያ ነው። አተጣጠፋቸው አንድ፣ አሲዶቹ ያሉበት ቦታ አንድ። በሸለቆው ዳር ያሉ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ሲለወጡ የመከላከያ መሣሪያና የማብቀያ መሣሪያ ተለያዩ።

ጠማቂው፦ እንግዲህ ራስሽ መሰከርሽ። ቤተሰቡን ባውቅም ምን እንደሚቆርጥ አላውቅም ማለት ነው። አንዱ ፈንገስ ይወጋል፣ አንዱ ብቅል ያለሰልሳል፤ ሁለቱም ቤተሰብ 17።

ተማሪዋ፦ አዎ። ቤተሰብ እንዴት እንደሚቆርጥ ይናገራል፤ ማንን እንደሚቆርጥ ግን አያረጋግጥም። ከዚህም የባሰ አለ። ሕፃን የእናቱን ወተት የሚፈጭበት ላክቴስ ቤተሰብ 1 ነው። ሰናፍጭ ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው የሚያቃጥለውን ጣዕም የሚያወጣው ማይሮሲኔስም ቤተሰብ 1 ነው። ነጭ ሰናፍጭ ውስጥ ያለው ቅርጹ ሲታይ፣ ፕሮቶን ሰጪው ግሉታሜት ሊኖር በሚገባበት ቦታ ግሉታሚን ተገኘ፤ ያ ደግሞ ፕሮቶን አይሰጥም። ከስኳሩ ጋር በሰልፈር የተያያዘው ነገር ያለ እርዳታ ስለሚለቅቅ ለመጀመሪያው ርምጃ አላስፈለገውም። ለሁለተኛው ርምጃ ግን ውሃውን የሚያነቃቃ ያስፈልገዋል፤ ያን ሥራ የሚሠራለት ቫይታሚን ሲ ነው። አንድ አሚኖ አሲድ ቢጎድለው ከውጭ ተክቶታል። ቅደም ተከተሉን ብቻ አይቶ «ይህም ስኳር ከስኳር ይለያል» ያለ ሰው ይሳሳት ነበር፤ ቤተሰቡን አይቶ አሲዶቹን አንድ በአንድ የቆጠረ ግን ጥያቄው የት እንዳለ ያገኘዋል።

ጠማቂው፦ ከቤተሰብ በላይስ ዝምድና አይቆጠርም?

ተማሪዋ፦ ይቆጠራል፤ ጎሳ ይባላል። ቅደም ተከተላቸው ቢራራቅም አተጣጠፋቸው፣ የአሲዶቻቸው ቦታና መንገዳቸው አንድ የሆኑ ቤተሰቦች ናቸው። የሕፃኑ ላክቴስ ቤተሰብ 1፣ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ላክቴስ ቤተሰብ 2፣ ያ የገብሱ ቤታ ግሉካኔስ ቤተሰብ 17፤ ሁሉም ጎሳ ሀ ውስጥ ናቸው። 

ጠማቂው፦ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ጂን ማንበብ ረክሷል። አንድ የአፈር ናሙና ወስደው በሺህ የሚቆጠር ቅደም ተከተል ያወጣሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ «ይህ ሴሉሌስ ይመስላል» ብሎ ስም ይለጥፋል። ማን ፈተነው? እኛ ዘንድ የኢንዛይም ከረጢት ላይ የተጻፈውን አምነን ሳንፈትን ወደ ጋን አንጨምርም ነበር።

ተማሪዋ፦ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ፣ በሙሉ ልቤ። እነዚህ ቤተሰቦች የሚመዘገቡበት የመረጃ ቋት ከ1998 ጀምሮ ማርሴይ ላይ ተዘርግቷል፤ ዛሬ የስኳር ቆራጮቹ ቤተሰቦች ከ170 በላይ ናቸው። በሙከራ የተፈተኑት ከተመዘገበው ውስጥ እጅግ ትንሹ ክፍል ናቸው። የቤተሰብ 61ን ታሪክ ይስሙ። ከፈንገስ የመጡ ፕሮቲኖች ናቸው፤ በመጀመሪያ ደካማ የሴሉሌስ ሥራ ታይቶባቸው ከስኳር ቆራጮቹ ጋር ተመዘገቡ። ብዙ ሰው «ሴሉሌስ» ብሎ ጻፋቸው። በ2010 ግን ነገሩ ተከፈተ። መቁረጫ ጉድጓድ የላቸውም፣ ፊታቸው ጠፍጣፋ ነው፣ ሁለቱ የተለመዱ አሲዶችም በቦታቸው አይገኙም። በ2011 ደግሞ መዳብ ይዘው፣ በኦክስጅን ሴሉሎስን እያቃጠሉ የሚቆርጡ መሆናቸው ታየ። ከውሃ ጋር የተያያዘ ሥራ የላቸውም። በ2013 ቤተሰብ 61 ተዘጋና አባላቱ አጋዥ ኢንዛይሞች በሚባለው ክፍል ቁጥር 9 ተሰጣቸው።

ጠማቂው፦ ታዲያ አመዳደቡ ወደቀ።

ተማሪዋ፦ የወደቀው የሥራ ስማቸው ነው። ቤተሰቡ ሳይበተን ነው ወደ አዲሱ ክፍል የገባው። ቅደም ተከተላቸውን አይቶ «እነዚህ አብረው ናቸው» ያለው ሰው ትክክል ነበር፤ «ስለዚህ እንዲህ ይሠራሉ» የሚለው ነው የተሳሳተው። ዝምድናው በመሣሪያ ተቆጥሮ ጸንቷል፤ ሥራው ግን ሰው በእጁ እስኪፈትነው መጠበቅ ነበረበት። እኔ ስለዚህ ነው ሁለቱን ምዝገባዎች ለየብቻ የምይዛቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ያልታየን ነገር እንደታየ አድርጎ መመስከር ነው።

ጠማቂው፦ እንግዲያስ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ከጠላ ጥንስስ ውስጥ ካለ ባክቴሪያ አንድ ቅደም ተከተል ብሰጥሽ፣ የትኛውም ቤተሰብ ውስጥ ባይገባ፣ ምን ታደርጊዋለሽ?

ተማሪዋ፦ ጂኑን ኢ. ኮላይ ውስጥ አስገብቼ ፕሮቲኑን አሠራዋለሁ። ከዚያ ስኳር አቀርብለታለሁ፣ ብዙ ዓይነት፣ አንድ በአንድ፤ ምክንያቱም ስድስት ስኳሮች ብቻ ተያይዘው ሊሠሩት የሚችሉት ቅርጽ ከአንድ ትሪሊዮን በላይ እንደሆነ ሮጀር ሌን በ1994 አስልቶታል፤ የትኛውን እንደሚወድ አስቀድሞ መገመት ከባድ ነው። አንዱን ከቆረጠ፣ የወጣው ስኳር አልፋ ይሁን ቤታ ትኩስ እንዳለ እለካዋለሁ፤ ከቆየ በውሃ ውስጥ በራሱ እየተገለበጠ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ቀጥሎ የጠረጠርኳቸውን አሲዶች አንድ በአንድ እለውጥና ሥራው ሲቆም አያለሁ።

ጠማቂው፦ ይህን ሁሉ ሳታደርጊ፣ አንድ መቶ የሚመስሉት ቅደም ተከተሎች ከየአፈሩ ቢገኙለትስ? መቶ ሆነው ቤተሰብ አይሆኑም?

ተማሪዋ፦ ቁጥር አይሰጣቸውም። አዲስ ቤተሰብ የሚከፈተው ቢያንስ አንድ አባሉ ላቦራቶሪ ገብቶ ሲቆርጥ ከታየ ብቻ ነው።